የእድሩ ክፍል

ዲላ፣ ጥር 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለግዛቸው፤

እንዴት ሰንብተሃል? ባለቤትህ ሸዋአለም ደህና ናት? ልጆቹስ? እኔ ክብሩ ይስፋ ደህና ነኝ። ጥምቀትንም በሰላም አሳለፍን። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃውና ወደ ንዴቴ ልግባ፤ ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ እህል አልወርድልኝ ብሏል።

ቤቱ ይሸጥ ስትለኝ እምቢ አልኩህ እንዴ? እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ግማሹ ያንተ ነው፤ ልጆች ታስተምራለህ። ይሸጥ ብያለሁ፣ አሁንም ይሸጥ። እኔ እዚሁ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ ስፌቴን እቀጥላለሁ። ግን ከመሸጡ በፊት ይታደስ ብለህ የላክኸው ትእዛዝ ምን የሚሉት ነው? «የፊት ለፊቱን ግድግዳ ክሬም ቀለም አስቀቢ፤ የቆርቆሮውን ዝገት በቀይ ቀለም ሸፍኚ፤ የሳሎኑን ኮርኒስ ቀይሪ፤ ጓሮ ያለውን እንሰት አስቆርጪ፣ ገጠር ያስመስለዋል።» ገጠር! የዚያን እንሰት ቆጮ እየበላህ አይደል እንዴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስከው? ባሕር ዳር ገባሁ ብለህ አሁን አፈርክበት?

ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው ለእማዬ ቀብር መጥተህ ነው። ያኔም ሠልስቱ እንደወጣ ተነሥተህ ሄድክ። ቤቱ ምን እንደጎደለው እኔ ልንገርህ። የመኝታ ቤቱን የማዕዘን ምሰሶ ምስጥ በልቶታል፤ በጣትህ ጫን ብታደርገው ይሰረጉዳል። የጓሮው ግድግዳ እግር በዝናብ ተቦርቡሮ፣ ጭቃው ረግፎ እንጨቱ ይታያል። መጠገን ካለበት ይሄ ነው የሚጠገነው። አንተ ግን ከኋላው እየፈረሰ ያለውን ቤት ከፊቱ ኩል ልትኩለው ትፈልጋለህ።

ይሄን ሁሉ ልለፈው ብል እንኳ መጨረሻ ላይ የጻፍካትን ማለፍ አልችልም። «የመንገድ ዳሯን ክፍል ዕቃ አስወጥተሽ የሱቅ በር አስገጥሚላት፤ ሱቅ ያለው ቤት ቶሎ ይሸጣል» ነው ያልከኝ። የእድሩን ድንኳን፣ የእድሩን አግዳሚ ወንበር፣ የእድሩን ድስት ነው «ዕቃ» ያልከው? እማዬ ያቺን ክፍል ለሰፈሩ እድር ስትሰጥ አንተ ገና ዳዴ ትል ነበር። ልታርፍ ስትል እንኳ የክፍሏን ቁልፍ እጄ ላይ አድርጋ «ይቺ የእነሱ ናት» ብላኛለች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሙሉጌታ ራስጌዋ ቆመው ሰምተዋል።

ግዛቸው፣ እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። የቀረኝ ይሄ ሰፈር ነው። ስታመም ደጄን የሚያንኳኳው፣ ስሞት የሚያነሣኝ እድሩ ነው። ስለዚህ ቤቱን ሽጠው፤ ያቺን ክፍል ግን እንዳትነካት። ውሉ ላይ ለብቻዋ ተጽፋ ለእድሩ ትቅር። ከዚህ ሌላ የምለምንህ ነገር የለም።

እህትህ የትምወርቅ

እንሰቱን አላስቆርጥም።


ባሕር ዳር፣ የካቲት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ የትሜ፤

ሰላምታዬ ከነቤተሰቤ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ሳነበው ተናድጄ ስለነበር አንድም ነገር አልገባኝም።

እትዬ፣ አንቺ ነገሩን በስሜት ነው የምታዪው። ቤት ሲሸጥ ስሜት ቦታ የለውም። እኔ እኮ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። አሮጌ መኪና ለጨረታ ሲቀርብ እንኳ ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ ነው የሚቀርበው። ገዢ የሚገዛው በዓይኑ ነው። ምሰሶ ይቀየር ካልሽ ቆርቆሮ ሊነሣ ነው፤ ቆርቆሮ ሲነሣ ኮርኒሱ ሊወርድ ነው፤ አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። የማይታየውን ተዪው። ምሰሶው ጋ ቁምሳጥኑን አስጠጊበትና ይለቅ።

ስለ ክፍሏ ደግሞ፣ እማዬ ነፍሷን ይማረውና ቃል የሰጠችው ቤቱ የራሷ በነበረ ጊዜ ነው። እድሩ ሌላ ቦታ ያጣል? ቀበሌው አዳራሽ የለውም? መንገድ ዳር ያለች ያቺን የመሰለች ክፍል ድስት ተሞልታ ትቀመጥ ስትይኝ የትኛው ገዢ ይሰማሻል?

ደግሞስ ተከራይቼ እኖራለሁ የምትዪው ለምንድን ነው? እኛ ጋ ነይ። ሸዋአለምም ትምጣ ትላለች።

አንቺን ማድከም ስለማልፈልግ የሸዋአለምን ወንድም ነብዩን ልኬዋለሁ። አዲስ አበባ ኮንትራክተር ጋ ስለሠራ የቤት ነገር ይገባዋል። ቁልፎቹን ስጪውና አንቺ እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪ።

ወንድምሽ ግዛቸው


ዲላ፣ የካቲት 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ግዛቸው፤

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ነብዩ ያረፈበት ሆቴል ስልክ ደውለህ ያስነገርከኝን ሰምቻለሁና ደልቶሃል ማለት ነው። ለአማችህ ስልክ ይደወላል፤ ታላቅ እህትህ ግን በሰው አፍ ትሰደባለች። እሰይ፣ ይኼም አልቀረብኝ!

«ለገዢው ምሰሶውን ማን አሳዪ አለሽ?» ብለሃል አሉ። ማንም አላለኝም፤ ሕሊና የሚባል ነገር ስላለኝ ነው። ሰውየው አቶ ሸምሰዲን ይባላሉ፤ ገደብ ከተማ ላይ ቡና ነጋዴ ናቸው። ልጆቻቸውን ዲላ ሊያስተምሩ ነው ቤት የሚፈልጉት። እነዚያ ልጆች የሚተኙት እኮ እዚያ መኝታ ቤት ነው! ቁምሳጥን አስጠግቼባቸው እኔ ማታ እንቅልፍ ይወስደኛል? ሰውየውን ወስጄ «ይኸውልዎት፣ ምስጥ በልቶታል» አልኳቸው። በጣታቸው ጫን አድርገው አዩትና «ሌላስ?» አሉኝ። ጓሮ ወስጄ ግድግዳውን አሳየኋቸው። አሁንም «ሌላስ?» አሉ። የእድሩን ክፍል ነገርኳቸው፤ ከሽያጩ ውጪ እንደሆነችም ነገርኳቸው። ይሄኔ ነብዩ እግሬን ረገጠኝ። በዚያ በሾለ ጫማው! አቶ ሸምሰዲን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «እናስብበታለን» ብለው ሄዱ።

አሁን አንተ ገዢ አባረርሽብኝ ትላለህ። ሰውየው ጠልተውት ቢሆን «ሌላስ?» እያሉ ጓሮ ድረስ ምን አስኬዳቸው?

ምሰሶውን አስቀይሬዋለሁ። ከዱመርሶ አንድ አናጢ አስመጥቼ፣ ጣሪያውን በድጋፍ አስቁሞ፣ ቆርቆሮ ሳያነሣ፣ ኮርኒስ ሳያወርድ ቀየረው። ነብዩ አጠገቡ ቆሞ «እንዲህ አይደለም የሚሠራው» ሲል ውሏል። የጓሮውን ግድግዳ ግን አላደረስኩትም፤ ነብዩ ሠራተኞቹን በሙሉ ወስዶ ፊት ለፊቱን ክሬም እያስቀባ ነው።

እኛ ጋ ነይ ላልከው ደግሞ መልሴ ይኼ ነው። ሸዋአለምም ትላለች ነው ያልከኝ? ለአማቷ ለቅሶ ከባሕር ዳር መምጣት ያቃታት ሴት እኔን ልታኖር? ተወኝ እባክህ። የሰው ቤት ጥግ ይዤ የልጆችህን ልብስ እየጣፍኩ የምሞት መሰለህ?

ለነብዩ የቤቱን ቁልፎች ሰጥቼዋለሁ። የእድሩን ክፍል ቁልፍ ግን አልሰጠሁትም። በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ በየቀኑ እምቢ እለዋለሁ።

የትምወርቅ


ዲላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ግዛቸው፤

ጉድ ሠራችሁኝ።

የክርስትና ልጄ ታመመች ብለው ልከውብኝ ሬኮ ሄጄ ነበር፤ እዚያው አደርኩ። ቁልፉን ከእማዬ ፎቶ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅዬው ነው የሄድኩት። ነብዩ እማዬን ከግድግዳው ላይ አንሥቶ፣ ቁልፉን ወስዶ፣ ክፍሏን ከፈተ። «ግዛቸው ጨርስ ብሎኛል» ነው የሚለው። ብለኸዋል?

ከዲላ ከወጣህ ስለቆየህ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። የእኛ እድር የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው። አብረን እንቀብራለን፣ አብረን እንድራለን፤ ሥጋው ግን ለየብቻው ነው የሚሠራው። ስለዚህ ድስቶቹ ሁለት ወገን ናቸው። የክርስቲያኑ ድስት ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበት በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ ኃላፊዋ እታገኝ ናት። የሙስሊሙ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሮበት በግራ በኩል ይቀመጣል፤ ኃላፊዋ እማማ ሀጅራ ናቸው። ከዚህ ውጪ ልዩነት የላቸውም፤ ሁሉም ከአንድ ሱቅ የተገዙ ናቸው። እማዬ በነበረች ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው አያውቁም።

የአንተ ነብዩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁሉንም ደጅ አውጥቶ በአሸዋ አስፈገፈጋቸው። ክሩንና ጨርቁን ቆሻሻ ነው ብሎ አቃጠለው። ከዚያ በየመጠናቸው ደረደራቸው፤ ትልልቁን ከታች፣ ትንንሹን ከላይ። ስመለስ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ «እትዬ፣ ነይ እዪው፣ አዲስ አስመሰልኩልሽ!» ይለኛል። እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ እማማ ሀጅራ የጎረቤት ልጅ ሠርግ ስላለ ድስት ሊያስወጡ መጡ። በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። «የትሜ፣ የእኛ የቱ ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? እታገኝን ጠራኋት። እሷም አንዱን አነሣች፣ አገላብጣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ሌላ አነሣች። ማንም ሊለየው አልቻለም።

ነብዩ ደግሞ አያፍርም፤ «በደንብ ታጥቧል እኮ፣ ምን ችግር አለው?» ብሎ ገባበት። እማማ ሀጅራ አልተቆጡትም። «ልጄ፣ እጥበቱን መቼ ጠላን? ነገ የነዚያን ሥጋ በልታችኋል ተብሎ ሲወራ ለወንድ ወገን ምን ብለን እንመልስ?» አሉት። ከዚያ ነጠላቸውን ጠቅልለው ወጡ። ለሠርጉ ድስት ከማዶ ሰፈር እድር ተለመነ። የእኛ እድር ድስት ለምኖ አያውቅም ነበር!

ሰፈሩ በሙሉ እኔን ነው የሚያየው። ቁልፉ ከእኔ እጅ ነበራ።

የትምወርቅ


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 26 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ የትሜ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ነገሩን ከነብዩም ሰምቻለሁ። ልጁ በጎ አስቦ ነው ያደረገው፤ ጨርስ ማለቴም እውነት ነው። ግን እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ ስለ ድስት ነው ይሄ ሁሉ ለቅሶ? የታጠበ ድስት የታጠበ ድስት ነው። ሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው ያለነው።

ካስፈለገ አዲስ ድስት ገዝቼ እልካለሁ። እዚህ ገበያ ላይ ጥሩ ጥሩ አለ። መጥተህ ይቅርታ ጠይቅ የሚሉ ከሆነ ግን ኦዲት ላይ ነን፤ ለድስት ብዬ ከባሕር ዳር ዲላ ልምጣ ብዬ ለአለቃዬ የፈቃድ ማመልከቻ ስጽፍ ይታይሽ!

አንቺም አታካብጂው። ሰው ይረሳል። ይልቅ ሰውየው፣ ሸምሰዲን ያልሽኝ፣ ከምን ደረሱ?

ግዛቸው


ዲላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1996 ዓ.ም.

ግዛቸው፤

ሰው ይረሳል ነው ያልከኝ? እንግዲያው ስማ።

ከፋሲካ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። እኔን ከእድር አግደውኛል። ጋሽ ሙሉጌታ ቀና ብለው ሳያዩኝ ነው ያነበቡት፤ እሳቸው ምን ያድርጉ፣ ደንብ ነው። ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው ተጠያቂ ነው ይላል ደንቡ። ትእዛዙ ካንተ እንደመጣ ግን ያውቃሉና «ወንድሟ መጥቶ ጉባኤው ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ያን ቀን እገዳው ይነሣል» አሉ። አዲስ ድስት ይልካል ብዬ ነገርኳቸው። አንዲት ሴት ከኋላ ተነሥታ «ድስት ቸገረን አልን እንዴ?» ስትል አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ የት ልግባ?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ አረፉ። አስታወስካቸው? ሒሳብ ያስተማሩህ፣ ያለ እሳቸው ስምንተኛ ክፍልን የማታልፈው። ድንኳኑ ከደጃችን ፊት ለፊት ተተከለ። እንደ ልማዴ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ እንስራዬን ይዤ ውኃ ልቀዳ ሄድኩ። እታገኝ መጥታ እንስራውን ከእጄ ተቀበለችኝና «ይቀመጡ» አለችኝ።

ይቀመጡ! አንቱ! አብራኝ ያደገች፣ ፀጉሬን ስትሠራኝ የኖረች ሴት አንቱ አለችኝ። ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች በተቀመጡበት አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ንፍሮ እንኳ በሣህን አደረጉልኝ፤ ሌላው በእፍኙ ነው የሚዘግነው። ሽንኩርት ላጪ አልተባልኩ፣ ሬሣው ሲነሣ አልቅሺ አልተባልኩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አንተ እኔን አታካብጂ ትለኛለህ። ነገ አንድ ነገር ብሆን ይቺ በር በስንተኛው ቀን እንደምትከፈት አስበኸዋል? እኔ አስቤዋለሁ። ሌላ ሥራ የለኝም፤ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ራሱ እየቀነሰ ነው።

አምስት ቀን ነው የምለምንህ። ለመምጣት ሁለት ቀን፣ ለጉባኤው አንድ ቀን፣ ለመመለስ ሁለት ቀን። አለቃህ ሰው ከሆነ ይፈቅዳል። ልመና አላውቅበትም፤ እየለመንኩህ መሆኔ ራሱ እያናደደኝ ነው።

የትምወርቅ

ኮርኒሱ ተቀይሯል። ያምራል። ማንም አይገባበትም።


ባሕር ዳር፣ ግንቦት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

እትዬ፤

በችኮላ ነው የምጽፈው። ነብዩ ደውሎ ነበር። አቶ ሸምሰዲን በዋጋው ከተስማሙ በኋላ «ከሰፈር የተጣላ ቤት አልገዛም፤ ነገ ከእኔ ቤት ሬሣ ሲወጣ ማን ሊሸከምልኝ ነው? መጀመሪያ ታረቁ» ብለዋል አሉ። እንዲህ ያለ ገዢ ሁለተኛ አይገኝም። ፈቃድ ወስጃለሁ፤ እስከ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ቲኬትም ቆርጫለሁ። እሑድ ስብሰባ እንዲጠሩ ለጋሽ ሙሉጌታ ንገሪያቸው።

ግዛቸው


ዲላ፣ ግንቦት 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ግዛቸው፤

በሰላም ገባህ? ገብተሃል ብዬ ልመን፤ ከስብሰባው ወጥተህ መኪና ውስጥ ስትገባ እንኳ ደህና ሁኚ አላልከኝም።

እገዳው ተነሥቶልኛል። ማግስቱን እታገኝ በጓሮ በር ገብታ «አንቺ፣ ጨው አለሽ?» አለችኝ። አንቺ ስላለችኝ ብቻ ቆሜ አለቀስኩ። ለዚህ አመሰግንሃለሁ። ምስጋናዬ ግን እዚህ ላይ አለቀ፤ የቀረውን ጥርሴን ነክሼ ነው የምጽፈው።

ታግጃለሁ ብዬ ስጽፍልህ አልመጣህም። አንቱ ተባልኩ ብዬ ስለምንህ መልስ እንኳ አልጻፍክልኝም። አቶ ሸምሰዲን አንድ ቃል ሲናገሩ ግን በአውሮፕላን በረርክ! ኦዲቱ የት ሄደ? አለቃህ ለቤት ሽያጭ ፈቀደልህ፣ ለእህትህ ነበር የማይፈቅደው? መጥተህስ የት አደርክ? ከነብዩ ጋር ሆቴል። «ቤቱ ቀለም ቀለም ይላል፣ ራሴን ያመኛል» አልክ። ቀለሙን ያስቀባኸው አንተ አይደለህ እንዴ?

ስብሰባው ላይ አልዋሽም፣ ንግግርህ ጥሩ ነበር። እጅህን አጣምረህ ቆመህ «አጥፍቻለሁ» ስትል ሴቶቹ ሁሉ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ከዚያ እማማ ሀጅራ ጠየቁህ፤ በክፋት አልነበረም፣ ሰው እንደሚጠይቀው ነው። «ልጄ፣ ባሕር ዳር ያለው እድራችሁ እንዴት ነው? ድስቱን እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትለዩት?» አሉህ። አንተ ምን አልክ? «ትልቅ እድር አለን፣ እናቴ፤ ሁሉም ነገር በሥርዓት ነው» ብለህ አንገትህን አሻሸህ። እኔ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ነኝ። ስትዋሽ ምን እንደምታሻሽ አውቃለሁ። እድር የለህም። ይቅርታ በጠየቅክበት አፍህ፣ እዚያው ቆመህ፣ አሮጊት ዋሸህ!

ስለ ድስቶቹ የወሰኑትን ሳትሰማ ነው የሄድከው። የተቀላቀሉት በሙሉ ለሽሮና ለጎመን፣ ለውኃም ይሁኑ ተባለ፤ ያንን ሁሉም ይበላዋል። ለሥጋ የሚሆኑትን እድሩ ራሱ ሁለት ወገን አድርጎ ይገዛል። ያንተን አንፈልግም ብለዋል፤ በክፋት አይደለም፣ ይቅር ካልን በኋላ ካሣ ምን ይሠራል ብለው ነው።

ክሬም ቀለምህ ደግሞ ዝናብ መጥቶበታል። ከመንገዱ የሚረጨው ቀይ ጭቃ እስከ መስኮቱ ድረስ ለብሶታል። አቶ ሸምሰዲን አይተው የጠየቁኝ የጓሮው ግድግዳ መቼ እንደሚመረግ ነው።

የትምወርቅ


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእትዬ የትሜ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሸዋአለምና ልጆቹም ሰላም ይሉሻል። ደብዳቤሽን አንብቤ በጣም ነው የተናደድኩት። እድር የለህም ማለት ምን ማለት ነው ብዬ፣ ላሳይሽ ብዬ፣ በነጋታው ከሥራ ቀርቼ የሰፈሩን እድር ጸሐፊ ቤት ጠይቄ ሄድኩ።

እትዬ፣ የሰው ሥርዓት አልባነት ይገርማል! ጨዋ የመንግሥት ሠራተኛ ልመዝገብ ብዬ ስመጣ ጸሐፊው «ከሰፈሩ ሦስት ዋስ አምጣ» ይለኛል። ዋስ! አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩበት ሰፈር ነው እኮ! ብድር ልወስድ ነው ወይ አልኩት። «የሚያውቅህ ሰው ነው የምንፈልገው» አለኝ። ጎረቤቶቼ ያውቁኛል አልኩ። «ጥሩ፣ ስማቸውን ንገረኝ» ብሎ ብዕሩን አነሣ። በቀኝ ያለው ሰውዬ መኪና አለው፣ ነጭ። ጠዋት ጠዋት ሰላም እንባባላለን። በግራ ያለችው ሴትዮ ባሏ ወታደር ነው መሰለኝ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «ወንድሜ፣ ስም ነው ያልኩህ» አለኝ።

እንደዚህ ተዋርጄ አላውቅም። ቤት ገብቼ ለሸዋአለም ስነግራት እሷም የማንንም ስም አታውቅም። ተናደን ተናደን፣ መጨረሻ ላይ ሁለታችንም መስኮቱ ጋ ቆመን የጎረቤቶቻችንን በር እናይ ጀመር። ልጆቹ እንኳ ምን ሆናችሁ አሉን።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እዚያ እድር አስመዝግቢኝ። መዋጮውን በየወሩ እልካለሁ። ከሞትኩ ከእማዬ ጎን ልረፍ፤ እዚያ ቢያንስ ማን እንደሆንኩ ይታወቃል። ይሄን ደብዳቤ ለጋሽ ሙሉጌታ ስጪልኝ፣ ጉባኤው ላይ ያንብቡት።

ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ለፊርማው መቼ እንደምትሄጂ ጻፊልኝ። ውክልናዬን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ወንድምሽ ግዛቸው


ዲላ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለግዛቸው፤

ፈርሜያለሁ። ቤቱ የአቶ ሸምሰዲን ሆኗል፤ ድርሻህ በባንክ ተልኮልሃል። የእድሩ ክፍል በውሉ ላይ ለብቻዋ ተጽፋ ወጥታለች፤ አቶ ሸምሰዲን ራሳቸው ናቸው «በደንብ ይጻፍ፣ ነገ ልጆቼ እንዳይከራከሩበት» ያሉት። የጓሮውን ግድግዳ ሳይገቡበት በፊት አስመርጌላቸዋለሁ። እኔ ከእታገኝ ግቢ አንድ ክፍል ይዣለሁ፤ የስፌት መኪናዬ ከመስኮቱ ሥር ነው።

አሁን ስለ ልመናህ። ደብዳቤህን ለጋሽ ሙሉጌታ ሰጠሁ፤ እሑድ አነበቡት። ነጩ መኪና ጋ ሲደርሱ ሰው ሳቀ። «ከእማዬ ጎን ልረፍ» ጋ ሲደርሱ ሳቁ ቆመ። ጋሽ ሙሉጌታ መነጽራቸውን አውልቀው «እንግዲህ የእኛም ደንብ ያው ነው፤ ሦስት ዋስ» አሉ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ እጄን አላነሣሁም።

እማማ ሀጅራ እጃቸውን አነሡ። «እኔ ዋስ ነኝ። ዋሽቶኛል፤ ቢሆንም የነዚህ ቤት ልጅ ነው» አሉ። አውቀው ነበር ማለት ነው፤ እዚያው ስትዋሻቸው አውቀው ነበር። ቀጥላ እታገኝ አነሣች። ድስታቸውን የቀላቀልክባቸው ሁለቱ ሴቶች ናቸው ዋስ የሆኑህ። ሦስተኛው ቦታ ክፍት ነው። ሌላ ሰው ሊያነሣ ሲል ጋሽ ሙሉጌታ በእጃቸው ከለከሉት፤ «የእሷ ነው፣ እስከ መስከረም እንጠብቃለን» አሉ።

ስወጣ ሴቶቹ «ምን ነካሽ? ወንድምሽ አይደለም ወይ?» ይሉኛል። ወንድሜ ነው አልኳቸው። ስለዚህ ነው የተናደድኩት። የማላውቀው ሰው ቢሆንማ እጄን አውጥቼለት ቤቴ እገባ ነበር።

ለእማዬ ቀብር መጣህ፤ ለሸምሰዲን ገንዘብ መጣህ። ለእኔ ብለህ አንድ ቀን መጥተህ አታውቅም። አሁን የሚሸጥም የሚጠገንም ቤት የለንም፤ ነብዩን የምትልክበት ምክንያትም የለም። ያለሁት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ አልጋውን እለቅልሃለሁ፣ እኔ መሬት እተኛለሁ። ዋስ ከፈለግክ ራስህ ና፣ እፊቴ ቁጭ በልና ለምነኝ።

እህትህ የትምወርቅ